በቁልፍ አልተከፈተም

ይታገሱ ወደ ጣቢያችን በገዛ እግሩ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ መርማሪ ፖሊስ ሆኜ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ስሜ ያምሮት ነው፤ ማዕረጌ ምክትል ሳጅን።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ከነጋዴው ከጋሽ ሙሄዲን መጋዘን አሥራ ሁለት ጆንያ በርበሬ ጠፍቶ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ በርበሬ ደርቆ ከየገጠሩ የሚገባበት፣ ከተማው ሁሉ ሲያስነጥስ የሚውልበት ጊዜ። የመጋዘኑ በር አልተሰበረም። የጣራው ቆርቆሮ አልተነቀለም። ትልቁ ጓጉንቸር እንደ ወትሮው ተቆልፎ ተገኘ። ቁልፉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጋዘን ጠባቂው ከደረሰ ወገብ ወርዶ አያውቅም። ደረሰ አሥራ አንድ ዓመት ጋሽ ሙሄዲን ዘንድ የሠራ፣ ስሙ በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነው። ቢሆንም ሌላ የምንጠረጥረው ሰው አልነበረንምና ሰኞ ጠዋት ያዝነው።

ማክሰኞ እንግዲህ ይታገሱ መጣ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የቆርቆሮ ሣጥን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኔን አላየኝም። የሚያየው የመዝገብ ቁም ሣጥናችንን ጓጉንቸር ነው።

«ገበያ ላይ የሚወራው ስህተት ነው» አለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የትኛው ወሬ?»

«የሙሄዲን መጋዘን በቁልፍ ተከፈተ ይላሉ። በቁልፍ አልተከፈተም። በሽቦ ነው የተከፈተ። የከፈትሁትም እኔ ነኝ።»

በመልክ አውቀዋለሁ። ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ጓጉንቸር፣ ባትሪና ጃንጥላ የሚጠግን ልጅ ነው። ልጅ አልሁ እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሰው እጁን ሲዘረጋለት አይጨብጥም። እንደምን አደርህ ያለውን ሰው ራሱን እንዳመመው ወይም ቁንጫ እንዳላስተኛው በዝርዝር ይነግረዋል። ሥራው ግን እንከን የለበትም፤ የቡሬ ባለሱቆች ሳይቀሩ የተበላሸ ጓጉንቸር በአይሱዙ ይልኩለታል።

አስቀመጥሁትና ቃሉን መቀበል ጀመርሁ። ክፍላችን ውስጥ ሬዲዮ ይጮኻል፤ አለቃዬ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ይነታረካል። ይታገሱ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ። እኔን ላለመስማት መስሎኝ ተናደድሁ።

«ጆንያዎቹን ያወጣህ አንተ ነህ?»

«ሁለቱን። ዐሥሩን ሌላ ሰው ነው ያወጣ።»

«ማን ነው ሌላው?»

«አልናገርም። በቅዱስ ሚካኤል ምያለሁ።»

«ደረሰ ነው?»

«አይደለም። ደረሰ እዚያ አልነበረም።»

«መስረቅህን ታምናለህ?»

ጥያቄውን ልደግመው ስል፣ «መስረቅ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«የሌላ ሰው ንብረት ከቦታው አውጥቶ መውሰድ ነዋ።»

«እንዲያ ከሆነ አዎ።»

«ተጸጽተሃል?»

«አልተጸጸትሁም። ጓጉንቸሩን ዘይት ቀብቼዋለሁ። ካለፈው ይልቅ አሁን ደህና ይሠራል።»

ድርጊቱን አምኗል፣ ግብረ አበሩን አልገልጽም ብሏል፣ አልተጸጸተም ብዬ ጻፍሁ። አነበብሁለት። ዘይት መቀባቱ እንዳልተጻፈ አመለከተኝ። እሱ አያስፈልግም አልሁትና ፈረመ። ከራሴ አንድም ቃል አልጨመርሁበትም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝም ይኸው ነው።

ደረሰ በዚያው ቀን ተፈታ። ይታገሱ በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ወጣት መሆኑን አይተው በዋስ ሊለቁት ፈልገው ነበር። «ብትለቀቅ የሰው መጋዘን እንደገና ትከፍታለህ?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ» አለ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ሥራዬ ነው።»

አዳራሹ ሣቀ። ዳኛዋ አልሣቁም። ዋስትናውን ከልክለው ለዐሥር ቀን ቀጠሮ ሰጡ።

ማረፊያ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ያን ሰሞን ሰባት ሰው ነበረበት፤ ካርታ የሚጫወት፣ የሚጣላ፣ የሚዘፍን። ይታገሱ ጥግ ይዞ፣ ጆሮዎቹን ደፍኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። እናቱ እትዬ አልጣሽ ከገጠር በእግራቸው እየመጡ ምግብ ያደርሱለታል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉኝ አጥሩ በር ላይ። «ወጡን ከእንጀራው ሳትቀላቅሉ ስጡልኝ። ከተቀላቀለ አይበላም።»

ለተረኛው ነገርሁት። ተረኛው እዚህ ምግብ ቤት አይደለም ብሎ ሣቀና አንድ ላይ ገልብጦ ሰጠው። ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አልጠየቅሁማ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ በማረፊያ ቤቱ በኩል ሳልፍ የብረት ፍርግርጉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተረኛው ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ወደ ውስጥ ስመለከት ሰባቱም አሉ፤ ስድስቱ ተቀምጠዋል፣ ይታገሱ ጓጉንቸሩን በእጁ ይዞ ከደፉ ወዲያ ቆሟል። ከምሳ ዕቃው እጀታ በነቀላት ሽቦ ነው የከፈተው።

«ሞላው ደክሟል» አለኝ። «ይቀየር።»

አለቃዬ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «የማምለጥ ሙከራ ብለሽ ሌላ መዝገብ ክፈቺ» አለኝ። ብዕሬን አነሣሁና ይታገሱን አስጠራሁት።

«ለምን ከፈትኸው?»

«አሸናፊ ‹ባለሙያ ከሆንህ እስኪ ይችን ክፈታት› አለኝ።» አሸናፊ በድብድብ የገባ ቀልደኛ እስረኛ ነው።

«ከከፈትህ በኋላ ለምን አልወጣህም?»

«ውጣ ያለኝ የለም።»

ይህን ሲል ድምፁ ላይ ቀልድም ትዕቢትም አልነበረም። ብዕሬን አስቀመጥሁት። የማክሰኞውን ቃል አውጥቼ እንደገና አነበብሁ። መጋዘኑን ክፈት ያለው ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ምን ብሎ እንዳስከፈተው አልጠየቅሁም። ማን ነው፣ ታምናለህ፣ ተጸጽተሃል ብዬ ብቻ ነው የጠየቅሁት። ለአለቃዬ ሁለተኛውን መዝገብ አልከፍትም አልሁት። ተቆጣ፤ ግን ራሱም ሊከፍተው አልደፈረም። በሩ ተከፍቶ ሰው ያልወጣበትን ማምለጥ ለዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ቸግሮት ይሆናል።

እሑድ ዕለት እኅቱ ሠርክአዲስ ከፈረስ ቤት ከተማ መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት። ወንድሟን አይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ አነጋገሯ ግን ረጋ ያለ ነበር። ከቢሮዬ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ኦቲዝም ይባላል» አለችኝ። «እኔም ስሙን ያወቅሁት ኮሌጅ ስገባ ነው። ልዩ ፍላጎት ትምህርት ስንማር መምህሩ ያስረዳል፤ ወንድሜን ቤታችን ገብቶ ያየው መስሎኝ ደነገጥሁ። እስከዚያ ድረስ እኛ ቤት ስም አልነበረውም። እናቴ የስእለት ልጅ ነው፣ ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ሰጠኝ ትላለች። ጎረቤት የሚለውን ልተወው።»

«በሽታ ነው?»

«አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው። የሰው ፊት አይቶ ሐሳቡን አያነብም። የተባለውን እንደተባለ ነው የሚወስድ። ሰው አፉ ሌላ ልቡ ሌላ ይሆናል ብሎ አይጠረጥርም። አገሩ ደግሞ ጎጃም ነው» ብላ ፈገግ አለች፤ «ነገሩን ቀጥ አድርጎ የሚናገር ማን አለ?»

እኔም ፈገግ አልሁ። ቀጥዬ የከበደኝን ጠየቅኋት። «እንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ ለወንጀል ቅርብ ነው ማለት ነው?»

«ለሚያታልለው ሰው ነው ቅርብ» አለች። «ጓደኛ ኖሮት አያውቅም። አንድ ሰው መጥቶ ጓደኛህ ነኝ ካለው፣ ያለውን ሁሉ ያደርጋል። ነገር የተበላሸ ቀን ደግሞ ሌላው ይክዳል፣ ያለቅሳል፣ እግር ላይ ይወድቃል። እሱ ግን አልተጸጸትሁም ይላል። መጸጸት ማለት ጥፋት መሥራቱን ያወቀ ሰው የሚያደርገው ነው። ጥፋት መሆኑን ማን ነገረው? ጋሽ ሙሄዲን ፈቅደዋል ብሎ ያምን እንደነበር ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ጠይቂው እንግዲህ። በዚህ ጫጫታ ውስጥ ግን አይሆንም።»

ያስማለውን ሰው ስም ምን ብናደርግ ይናገራል ብዬ አማከርኋት። ይታገሱ የማለውን እኅቱም እናቱም አያስጥሉትም አለች። መሐላውን ሊፈታለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ የገጠሯ ሚካኤል አገልጋይ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችን በእግር ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። በየደጁ በርበሬው በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ በቆሎው ተቆርጦ አገዳው በየማሳው ቆሟል። ሠርክአዲስ መንገዱን ሁሉ ስለ ወንድሟ አወራችኝ። ተማሪ ሳለ ደወሉ ሲደወል ይጮህ ነበርና መምህሩ በሦስተኛ ክፍል አባረረው። ጓጉንቸር መጠገን የተማረው ብቻውን ነው፤ አንድ አሮጌ ጓጉንቸር ለአንድ ክረምት ሙሉ እየፈታ እየገጠመ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ መጀመሪያ የጠገነው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ጓጉንቸር ነበር፤ ያኔም ቄሱ ናቸው ያስጠገኑት።

ቄስ ወልደ ዮሐንስን አውድማ ሲለቀልቁ አገኘናቸው። እጃቸው በእበት ተለውሷልና መስቀሉን ሳያሳልሙን በቃል ባረኩን። ነገሩን ሠርክአዲስ አስረዳቻቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ክፉ ለመሸፈን የተማለ መሐላ አይጸናም» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ለእናንተ መንገር ቀላል ነው። ለይታገሱ ግን በሥርዓቱ ነው የሚሆን። ልታጠብና እንሂድ።»

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ብሳናው ሥር አራታችን ተቀመጥን። ቄሱ ይታገሱን አልነኩትም፤ መስቀሉን ብቻ በመካከላቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ያስማለህ ሰው ለምን እንደሚያስምልህ ነግሮህ ነበር?»

«አልነገረኝም አባ።»

«ባልሠራው ሥራ ደረሰ ታስሮ እንደነበርስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስለሱ ነው ወደዚህ የመጣሁ።»

ቄሱ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ፤ ያየኸውን ተናገር» አሉት።

«ሚካኤል ይህን ሰምቷል?»

ሠርክአዲስ ከንፈሯን ነከሰች። ቄሱ ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ተቀበሉት። «ሐሙስ በዓሉ ነው። ቅዳሴ ላይ ስምህን ጠርቼ እነግርልሃለሁ።»

«ቅዳሴው በስንት ሰዓት ይወጣል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«እንግዲያ ሐሙስ በሦስት ሰዓት እናገራለሁ» አለና ተነሣ።

አለቃዬ ይህን ስነግረው፣ «ለዞን ምን ብዬ ነው ሪፖርት የምጽፈው? ተጠርጣሪው ቅዳሴ እስኪወጣ እየጠበቀ ነው ልበል?» አለ። ቢሆንም አልከለከለኝም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ይታገሱን ኤግዚቢት፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ፣ ወደምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል አዛወርሁት። ጨለም ያለች ናት፣ ግን ጸጥ ትላለች። እንጀራውን በአንድ ሳሕን፣ ወጡን በሌላ አደረግንለት፤ በላ። መወዛወዙንም ቀነሰ።

ሐሙስ ጠዋት ሬዲዮውን አጠፋሁ። ወንበሮቹን ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን አደረግሁ፤ እኅቱ በዚያኛው ጎኑ ተቀመጠች። ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ነበር። አንዱን ሲመልስ ሌላውን እሰጠዋለሁ፤ እስኪመልስ አላቻኩለውም። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ራሱ ሰዓቱን አይቶ ጀመረ።

ሰውዬው መልካሙ ይባላል፤ ከቡሬ የሚመላለስ የጭነት ደላላ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ ዋርካው ሥር እየመጣ ከይታገሱ ጋር ምሳውን ይበላ ነበር። «አብሮኝ ምሳ የበላ ሰው ከዚያ በፊት የለም» አለ ይታገሱ። በዚያ እሑድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መልካሙ መጥቶ፣ ጋሽ ሙሄዲን እንደላኩት፣ ደረሰ ታሞ ቁልፉ እንደጠፋ፣ ጭነቱም በቶሎ መነሣት እንዳለበት ነገረው። ይታገሱ ከዚያ ቀደም ለጋሽ ሙሄዲን ሦስት ጊዜ ጓጉንቸር ጠግኗል፤ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም። ከፈተ፤ ጆንያ ሲያነሡም አገዘ። መጋዘን ክፍት አይተውም ብሎ መልሶ ቆለፈው። ሲጨርሱ መልካሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ወስዶ አስማለው።

በመጨረሻው ወረቀት ላይ፣ «ጋሽ ሙሄዲን አለመፍቀዳቸውን ብታውቅ ኖሮ ትከፍተው ነበር?» ብዬ ጽፌ ነበር።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ እኔን ሳይሆን እኅቱን፣ «አልፈቀዱም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ለዐሥር ቀን ታስሮ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የሠራኸው የሌባ ሥራ ነው ብሎ በግልጽ የነገረው አልነበረም፤ ሁላችንም የሚያውቅ መስሎናል። ራሱን በጉልበቱ መካከል ቀብሮ ረጅም ጊዜ ቆየ። አልነካነውም። ቀና ሲል፣ «ተጸጽቻለሁ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍሁ።

መልካሙን በማግስቱ ቡሬ ላይ፣ ከተከራየው ቤት ከዘጠኝ ጆንያ ጋር ያዝነው። ሦስቱን ሸጧል። ብዙም አልተከራከረም። ይታገሱ ያውቅ ነበር ወይ ስለው፣ «እሱ? ምንም አያውቅም» አለ። ቆየት ብሎ ሳልጠይቀው፣ «መጀመሪያ ለዚህ ብዬ አልነበረም የቀረብሁት። አብሮት መቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው አያማም» አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያሳዝነኝ እንጃ። እሱንም ጻፍሁት።

በቀጠሮው ቀን ዐቃቤ ሕግ በይታገሱ ላይ ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። ዳኛዋ ከመልቀቃቸው በፊት በሁለቱ ቃሎች መካከል ለምን ይህን ያህል ልዩነት እንደመጣ ጠየቁኝ። ቆሜ፣ ሰውዬው እንዳልተለወጠ፣ የተለወጠው የእኔ አጠያየቅ እንደሆነ ተናገርሁ። ማለት ከብዶኝ ነበር፤ አለቃዬ ከኋላዬ ተቀምጧል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ይታገሱን ጠየቁት፤ ይህ ጊዜ ጥያቄያቸውን አስተካክለው ነው። «ባለቤቱ ያልፈቀደውን መጋዘን ትከፍታለህ?»

«አልከፍትም» አለ።

ጋሽ ሙሄዲን ከፍርድ ቤቱ ደጅ ይጠብቁ ነበር። እትዬ አልጣሽ ሊያለቅሱ ሲሉ፣ «ተዉ እንጂ፣ ምን ተገኘና» አሏቸው። ከዚያ ወደ ይታገሱ ዞሩ። «ከዋርካው ሥር ተነሥተህ የኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥ። እዚያ ብዙ ሰው አያስቸግርህም። እኔም አይሃለሁ፣ ደረሰም ያይሃል።»

ደረሰ ግን ለጊዜው ዞር አለ። ሁለት ቀን መታሰሩ አሳፍሮታል፤ ልጆቹ ሰምተዋል። በይታገሱ ይሁን በእኛ የተቀየመ አልገባኝም ነበር። ኋላ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው፣ «እሱማ መጥቶ አስፈታኝ። እናንተ ናችሁ ቁልፉን ብቻ አይታችሁ ያሰራችሁኝ» አለኝ።

ሠርክአዲስ ወደ ፈረስ ቤት ከመመለሷ በፊት በጋሽ ሙሄዲን ሱቅ ተሰበሰብን፤ እሷ፣ እናቷ፣ ቄሱ፣ ጋሽ ሙሄዲን፣ ደረሰና እኔ። ይታገሱን እንዲህ አድርግ ብሎ መምከር ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚከተለው የተጻፈ ነገር እንደሚያስፈልግ ያስረዳችን እሷ ናት። የማንንም በር ለመክፈት ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ማየት አለበት አልን። ይታገሱ ጥያቄ አመጣ። ባለቤቱ ከሞተስ? ወራሹ ከቀበሌ ወረቀት ይዞ ሲመጣ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ከሆነስ? ጋሽ ሙሄዲን ስልክ ደውለው ካረጋገጡ በኋላ። ልጅ በቤት ውስጥ ተቆልፎበት ቢያለቅስስ? ይህን ደረሰ ነው የመለሰው፤ «መጀመሪያ ክፈት፣ ከዚያ እኔን ጥራኝ።» ይታገሱ ሁሉንም በእጁ ጽፎ ሣጥኑ ክዳን ላይ ለጠፈ። ከሁሉ በላይ የረዳው ግን የመጨረሻው መስመር ይመስለኛል፤ ለማንም አትናገር የሚል ሰው ከመጣ በዚያው ቀን ለእኅቱ ወይም ለቄስ ወልደ ዮሐንስ መናገር።

እኔም ለበላዮቼ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ቤተሰቡ እንዲጠራ፣ ጸጥ ያለ ቦታ እንዲፈለግ፣ ጥያቄው አጭርና ቀጥተኛ እንዲሆን፣ የሰው ዓይን አለማየቱ እንደ ጥፋተኝነት እንዳይቆጠር። እስከ ሚያዝያ መልስ አልመጣም። በሚያዝያ ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ላይ ለመርማሪዎች የግማሽ ቀን ትምህርት እንድትሰጥ ተጋበዘች። አለቃዬ ከፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ አየሁት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መልካሙ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ይታገሱ ሊጠይቀው እንደሚፈልግ ሲናገር እናቱ አይሆንም አሉ። ሠርክአዲስ ደግሞ አስባበት ሂድ አለችው፤ ግን ብቻህን አይደለም። አብሬው ወደ ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ሄድሁ። መልካሙ ከሽቦው አጥር ወዲያ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«ዋሽተኸኛል» አለው ይታገሱ።

«አዎ።»

«ዳግመኛ እንዳትዋሸኝ። በመስከረም እመጣለሁ።» በመስከረምም ሄደ።

ሠርክአዲስ ትምህርቱን ከሰጠች ከወር በኋላ፣ ግንቦት ላይ አንድ ገበሬ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አየሁት። የዐሥራ አራት ዓመት ሴት ልጁ ከኋላው ጋቢውን ይዛለች። ክስ እንዳለው ጠየቅሁት።

«ክስስ የለኝም» አለ። «የይታገሱን ነገር ገበያ ሰማሁ። ይች ልጄ አትናገርም። የጠራት ሰው ሁሉ ዘንድ ትሄዳለች። አንድ ነገር ሳይደርስባት በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ልጅቱ ወደ ውስጥ መግባት አልወደደችም። በሩ ላይ እግሯን ተክላ ቀረች። ሁለት ወንበር አወጣሁና ደጅ ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ለሠርክአዲስም ደወልሁላት።